ሰውነቱ የቀነሰ ሰው ልብሱን እንዴት ይልበስ?

አንባቢ ሆይ፥ የዚህን ጽሑፍ አርእስት ባየህ ጊዜ ምናልባት ትስቅ ይሆናል። እንጀራ ያጣ ሰው በሞላበት አገር፥ ከስቼ ልብሴ ሰፋኝ የሚል ሰው ነገር እንደ ችግር ይቆጠራልን? ትልም ይሆናል። እኔም አስቀድሜ እንደዚሁ አስብ ነበር። ነገር ግን ነገሩ በታናሽ እኅቴ ላይ ደርሶ ባየሁት ጊዜ፥ ትንሽ ከሚመስለው ጥያቄ በታች ሌላ ጥያቄ ተኝቶ አገኘሁ። ሰው ስለ ገዛ ገላው ማፈር፥ መደበቅ ወይም መኵራት የሚገባው እስከ ምን ድረስ ነው? የሚለውን ነው። የምጽፈውም በእርስዋ ፈቃድ ነው፤ ስምዋን ግን አላነሣም።

እኅቴ የምትኖረው በአያት ነው፤ በ2008 ዓ.ም. ሥራ የጀመረው የአዲስ አበባ የኤሌክትሪክ ባቡር ከጦር ኃይሎች ተነሥቶ ወደ ምሥራቅ ሲጓዝ መጨረሻው በሚሆንበት ሰፈር። ብዙ ዘመን በወንበር ላይ ተቀምጣ የመዝገብ ሥራ ስትሠራ ኖረች። አንድ ቀን ሐኪም ደምዋን መርምሮ፥ የስኳር በሽታ ሊጀምራት እንደ ተቃረበና ክብደትዋን ብትቀንስ ግን ሊርቅላት እንደሚችል ነገራት። ይህም ባዶ ማስፈራሪያ አልነበረም። በአሜሪካ አገር ብዙ ሺህ ሰዎች ተመርምረው ውጤቱ በ1994 ዓ.ም. በታተመው ጥናት፥ ከክብደታቸው ከመቶ ሰባት እጅ እንዲቀንሱና በሳምንት 150 ደቂቃ እንዲንቀሳቀሱ እየተመከሩ የተረዱት ሰዎች፥ ከሌሎቹ ይልቅ በበሽታው የመያዛቸው ነገር ከመቶ 58 እጅ ያህል አንሶ ተገኝቷል። እኅቴም ይህን ሰምታ ጧት ጧት ከአያት ወደ ኮተቤ በእግርዋ መሄድ ጀመረች፤ ስኳርና ዘይት ቀነሰች፤ ቅዳሜ ቅዳሜም ከባልንጀሮችዋ ጋራ ወደ እንጦጦ ትወጣ ነበር። (ጾም ይበቃል፥ ይህ ሁሉ ለምንድር ነው? የሚሉም ነበሩ። ጾም ግን ለሌላ ነገር የተሠራ ነው። ዘይት በበዛበት ሽሮና በዳቦ ጾሞ፥ ከገባበት ወፍሮ የወጣ ሰው አይቻለሁ፤ ከነርሱም አንዱ እኔ ነኝ።) በዓመት ከመንፈቅ ውስጥ 94 ኪሎ የነበረው ክብደትዋ 70 ሆነ፤ ሐኪሙም ደስ አለው።

እንግዲህ ችግሩ የጀመረው ከዚህ በኋላ ነው።

በአገራችን ሰላምታ ውስጥ ክሳትና ውፍረት የየራሳቸው ትርጉም አላቸው። ከብዙ ቀን በኋላ የተገናኘ ዘመድ፥ «ወፍረሻል፥ ተስማምቶሻል» ቢል ማመስገኑ ነው፤ «ምነው ከሳሽ?» ቢል ግን ማዘኑ ነው። ይህም ከመሬት የበቀለ ልማድ አይደለም። ክፉ ቀን ባየ ሕዝብ ዘንድ የሰው ሥጋ ማለት ጎተራ ነው፤ የ1966ና የ1977 ዓ.ም. ረኃብ ያለፈበት ቤት ሁሉ የቀጠነ ክንድ ሲያይ የሚያስታውሰው ነገር አለው። ኋላም የኤድስ በሽታ በኢትዮጵያ በ1978 ዓ.ም. መታወቅ ከጀመረ ወዲህ ለክሳት ሌላ ስም ወጣለት። የበሽታው መድኃኒት በነጻ መሰጠት እስከ ጀመረበት እስከ 1997 ዓ.ም. ድረስ፥ የከሳ ሰው በመንገድ ሲያልፍ ጎረቤት ድምፁን ዝቅ አድርጎ ይንሾካሾክ ነበር። ከታመሙትም ብዙዎቹ ወደ እንጦጦ ኪዳነ ምሕረት ጠበል ወጥተው፥ በዙሪያው ባሉ ትንንሽ ቤቶች ተጠግተው ይኖሩ እንደ ነበር የከተማው ሰው ያስታውሳል። ዛሬ መድኃኒቱ ተገኝቶ በሽተኛው ወዝ ያለው ሆኖ ሥራውን እየሠራ ይኖራል፤ ሹክሹክታው ግን በሽታውን ተከትሎ አልጠፋም።

እኅቴም ይህን ሹክሹክታ ፈራች። ስለዚህ የወፍራምነትዋን ዘመን ልብስ አልተወችም፤ እንዲያውም ሰፊው ካፖርት ባዶ እንዳይመስል ከውስጥ ሁለት ሹራብ ትደርብ ጀመር። ነገር ግን የሰፋ ልብስ ክሳትን ያጎላዋል እንጂ አይሰውረውም። የትከሻው ስፌት ወደ ክንድ ይወርዳል፤ አንገት በኮሌታ ውስጥ እንደ ዘነዘና ይቆማል፤ እጅጌው ጣትን ይውጣል። ልብሱ ራሱ፥ «በዚህ ውስጥ ሌላ ሰው ነበረ፥ ወዴት ሄደ?» ብሎ የሚጠይቅ ይመስላል። ባልታመመች ጊዜ የታመመች መሰለች። አንዲት ደግ ጎረቤትዋ፥ እማማ እያልን የምንጠራቸው፥ አንድ ማታ አጥሚት በፔርሙስ ይዘው መጡና፥ «ልጄ፥ ለእኔ አትደብቂኝ፤ እኔ ለማንም አልናገርም» አሉአት። እርስዋም ደኅና መሆንዋን ብትነግራቸው አላመኑአትም። አጥሚቱንም ጠጣች፤ ስኳሩ ብዙ ነበር።

በማግሥቱ አንድ ጥቅል ይዛ ወደ ቤቴ መጣች። በጥቅሉ ውስጥ የነበረው እናታችን ያሠራችላት የአበሻ ቀሚስ ነው። እናታችን ከዐረፈች ብዙ ዓመት ሆኗታል። ያን ጊዜ ጥጡን ራስዋ አባዝታ፥ በእንዝርት ራስዋ ፈትላ፥ በሽሮ ሜዳ ለሚኖር ሸማኔ ሰጥታ አሠራችው፤ ጥበቡንም አረንጓዴና ወርቃማ ቀለም እንዲሆን ያዘዘች እርስዋ ናት። እኅቴ ቀሚሱን በላይዋ አድርጋ ቆመች፤ በሁለቱም ጎን ተንጠለጠለ።

«ወንድም ጋሼ» አለችኝ፥ «ይህን እንዲሁ ብለብሰው ከረጢት ይሆንብኛል። ባስቆርጠው የእማዬን እጅ የቆረጥሁ ይመስለኛል። ደግሞም ሌላ ነገር ያስፈራኛል። የሚያምርብኝን ልብስ መፈለግ ጀምሬአለሁ፤ በሱቅ መስተዋት ፊት እቆማለሁ። በዐርባ ስድስት ዓመቴ ይህ ከንቱ ውዳሴ አይደለምን?»

ወዲያው መልስ አልሰጠኋትም። ስለ ልብስ የሚገሥጹ ሰዎች ብዙ ናቸው፤ እኔም ከነርሱ አንዱ ሆኜ ኖሬአለሁ። ለተማሪዎቼ፥ ልብስ ገላን ለመሸፈንና ብርድን ለመከላከል ነው፥ ከዚህ ያለፈው ትርፍ ነው እያልሁ አስተምር ነበር። ነገር ግን ይህ ትምህርት ለእኅቴ አይበቃትም። እርስዋ ከዚያ ቀደም ለአንድ ዓመት የለበሰችው ሰፊ ልብስ ይሸፍናት ነበር፥ ያሞቃትም ነበር። ይሁን እንጂ ሐሰት ይናገርባት ነበር። ያልታመመችውን ታማለች አሰኘ፤ ደግ ጎረቤትን በከንቱ አሳዘነ፤ ራስዋንም ስለ ጤንነትዋ እንደ ጥፋተኛ አንገት አስደፋት። ትሕትና ይህ ነውን? እኔስ ፍርሃት እንጂ ትሕትና ነው ለማለት አልቻልሁም።

በመጽሐፈ ሳሙኤል ቀዳማዊ ስለ ልብስ ልክ የሚያስቡ ሁለት ሰዎች አሉ፤ አንባቢ ሆይ፥ ታሪኩን ታውቀዋለህ። አንደኛይቱ ሐና ናት። ልጅዋን ሳሙኤልን ለቤተ መቅደስ ከሰጠች በኋላ በየዓመቱ መደረቢያ እየሠራች ታመጣለት ነበር። በየዓመቱ መሆኑን ልብ በል። ልጅ ያድጋልና የአምናው ዘንድሮ አይሆነውም። እናት ከሩቅ ሆና፥ አሁን ክንዱ ምን ያህል ሆኖ ይሆን? ትከሻውስ ሰፍቶ ይሆን? እያለች በልብዋ እየለካች ትሠራለች። እርሱን ከንቱ ውዳሴ የሚለው ማን ነው? ሁለተኛው ዳዊት ነው። ሳኦል የገዛ ጥሩሩን አልብሶት ሊሄድ ቢሞክር አልተመቸውም፤ የንጉሥ ልብስ ነው ብሎ አላፈረም፥ አወለቀውና የራሱን ወንጭፍ ይዞ ሄደ። በሌላ ሰው ልብስ ውስጥ ሆኖ የሚዋጋ ሰው ከጠላቱ ጋራ ከመዋጋቱ አስቀድሞ ከልብሱ ጋራ ይዋጋል። እኅቴም የምትለብሰው የሌላ ሰው ልብስ ነበር፤ ያውም ሌላ ሰው የተባለችው እርስዋው ራስዋ፥ የዛሬ ሁለት ዓመቷ እኅቴ ናት።

ስለዚህ፥ አሁን ላለሽው ሰውነት የሚስማማ ልብስ መፈለግ ኃጢአት አይደለም፥ እንዲያውም የእውነት ወገን ነው አልኋት። ከዚያ በኋላ የሚመጣውን ፈተና ግን አላስጠነቀቅኋትም፤ እኔም አላሰብሁትም ነበርና። ወደ እርሱ እመለሳለሁ።

ይህ ጥያቄ ለአያቶቻችን እንዲህ ያለ ጭንቀት ያልሆነበት ምክንያት አለ። ሸማ ልክ የለውም። ኩታም፥ ነጠላም፥ አራት እጥፍ የሆነው ጋቢም ከሸማኔው ጉድጓድ ሲወጣ ለወፍራሙም ለቀጭኑም አንድ ነው፤ ሰው ሲከሳ አንድ ጊዜ ጨምሮ ይጠቀለልበታል፥ ሲወፍር አንድ እጥፍ ይፈታል። በሸማ የሚታወቀው የገላ ልክ ሳይሆን የልብ ሁኔታ ነው። ወደ ቤተ ክርስቲያን የሚሄድ መስቀልያ አጣፍቶ ይለብሳል፤ ኀዘን የደረሰበት ነጠላውን ይዘቀዝቃል፤ በጌታ ፊት የሚቆም አሽከር ያደገድግ ነበር። አንድ ጨርቅ ይህን ሁሉ ሲናገር ስለ ለባሹ ወገብ ግን አንዲት ቃል አይናገርም። በእርግጥ የአያቶቻችን ልብስ ከኵራት የጸዳ ነበር ማለቴ አይደለም። ካባውና ለምዱ፥ የሐር ቀሚሱም የማዕረግ ምልክት ነበረ፤ ይህንም ለማየት የሚወድ ወደ እንጦጦ ማርያም ወጥቶ በቤተ መዘክሩ ያሉትን የዳግማዊ ምኒልክን ዘመን አልባሳት ይመልከት። ነገር ግን ያ ኵራት የሹመት ነበር እንጂ የወገብ አልነበረም። የተሰፋ ኮት፥ የተሰፋ ሱሪና ጉርድ በከተማ ከተለመደ ወዲህ ግን ልብሳችን የሰውነታችንን ቍጥር ይዞ ይዞራል። በሱቅ የተሰቀለውም ልብስ አስቀድሞ ለአንድ ልክ ተሰፍቶ የመጣ ስለሆነ፥ ልብሱ ለሰው መሆኑ ቀርቶ ሰው ለልብሱ እንዲሆን ይጠየቃል።

ስለዚህ እኅቴን ወደ ሱቅ አልወሰድኋትም። በአያት አንድ ሽማግሌ ልብስ ሰፊ አሉ፤ በእግር የሚረገጥ የሲንጀር መኪና አላቸው፤ መነጽራቸውን በክር አስረው ባንገታቸው ያንጠለጥላሉ። ስለ አለባበስ ከተጻፉ ብዙ ገጾች ይልቅ ከእርሳቸው አንድ ከሰዓት በኋላ የተማርሁት ይበልጣልና፥ እንደ እኅቴ ላለ ሰው ይጠቅመው ዘንድ በሰፊው እጽፈዋለሁ።

ሜትራቸውን ከማንሣታቸው በፊት የጠየቁአት አንድ ጥያቄ ነው። «ልጄ፥ ሰውነትሽ ቆሟል ወይስ ገና እየወረደ ነው?» ገና እየወረደ ከሆነ ዛሬ የሚሰፋው ከሦስት ወር በኋላ ደግሞ ይሰፋሻልና ገንዘብሽን አታባክኚ፤ እስኪቆም ድረስ ባለሽ ላይ መቀነት ታጠቂበት አሉአት። ቆሟል አለች። እንግዲያውስ ብለው ያመጣችውን ልብስ አንድ በአንድ ዘርግተው አዩት።

«ልብስ የሚሰቀለው በትከሻ ላይ ነው» አሉ። በትከሻው ልክ የሆነ ኮት ወገቡ ቢሰፋ በቀላሉ ይጠባል፤ እጅጌውም ያጥራል። ትከሻው የወረደ ኮት ግን እጅጌውን ነቅሎ ኮሌታውን ፈትቶ እንደ ገና መሥራት ያሻዋል፤ ድካሙም ዋጋውም ከአዲስ ይበልጣል። በዚህ ፍርድ ካፖርትዋና ሁለት ኮትዋ ወደ አንድ ወገን ተጣሉ። ሱሪን ስለ ማጥበብ ሲናገሩም፥ ከወገቡ አምስት ሴንቲ ሜትር ያህል ቢወሰድ ይሆናል፥ ከዚያ ቢያልፍ ግን የኋላ ኪሶቹ ተቀራርበው እንደ ሁለት ዓይን ያፈጣሉ አሉን። ጉርዱ ግን ከጎኑ በደኅና ይጠባል። ከዐሥራ አንድ ልብስ ውስጥ አራቱ ብቻ ዳኑ።

እኅቴ ከዚህ በኋላ እንደ ወጣቶቹ ጥብቅ አድርገው እንዲሰፉላት ለመነቻቸው። ሽማግሌው ራሳቸውን ነቀነቁ። ብዙ ክብደት የቀነሰ ሰው ቆዳው እንደ ሥጋው ፈጥኖ አይሰበሰብም፤ በሆድና በክንድ ላይ ላላ ብሎ ይቀራል፤ ጥብቅ ልብስም ያን ያሳያል እንጂ አይሰውርም። የሚያምረው በትከሻና በደረት ልክ ሆኖ፥ ወገብን በቀስታ ነክቶ፥ ከዚያ በታች ወደ ታች የሚፈስ ለስላሳ ጨርቅ ነው። ከላይ እስከ ታች አንድ ዓይነት ቀለም ወይም ተቀራራቢ ቀለም ቢሆን ቁመትን ያስረዝማል፤ መካከል ላይ በተለየ ቀለም የተቆረጠ ግን ያሳጥራል። ጥቁር ብቻ ለምን ትለብሺያለሽ? ብለው ቢጠይቁአት፥ ስወፍር እንዲደብቀኝ ብዬ ነበር አለች። «አሁንስ ከማን ትደበቂያለሽ?» አሉአት። ዝም አለች፤ እኔም ወደ መንገዱ ዞር ብዬ የሚያልፈውን ታክሲ የማይ መሰልሁ።

በመጨረሻ የእናታችንን ቀሚስ አወጣች። ሽማግሌው ጨርቁን በሁለት ጣታቸው ይዘው ለረጅም ጊዜ ዳሰሱት፤ የእጅ ፈትል መሆኑን ሳንነግራቸው ዐወቁ። መቀሳቸውን ያነሣሉ ብዬ ስፈራ፥ መቀሱን ከገበታው ላይ አንሥተው በመሳቢያ አኖሩት። «ይህ አይቆረጥም» አሉ፤ «ሰው ይወፍራል፥ ይከሳል፥ ደግሞ ይወፍራል፤ ጨርቅ ግን ተቆርጦ አይበቅልም።» ያደረጉትም ይህ ነው። የሁለቱን ጎን ስፌት ፈቱ፤ ትርፉን ጨርቅ ሳይቆርጡ ወደ ውስጥ አጥፈው በእጅ መርፌ ያዙት፤ ከፊት ያለውን የመካከል ጥበብና የታችኛውን ጠርዝ አልነኩትም። ትከሻው ላይ ያለውንም ትርፍ በትንሽ እጥፋት ሰበሰቡት። የእናታችን ፈትል በሙሉ በቀሚሱ ውስጥ ቀረ።

ይህ የልብስ ሰፊው ሥራ ነበር። አሁን ወደ ተውሁት ነገር ልመለስ።

እኅቴ በልክ መልበስ ከጀመረች በኋላ ሹክሹክታው በሁለት ሳምንት ጠፋ፤ እማማም ፔርሙሳቸውን ወሰዱ። ነገር ግን ሰው ብዙ ዘመን ከተደበቀ በኋላ ሲገለጥ የራሱን መልክ አያውቅም። ለራስዋ የሚስማማ አለባበስ ምን እንደ ሆነ አታውቅም ነበርና፥ በመሥሪያ ቤትዋ ያሉት ልጆች የሚለብሱትን ሁሉ ገዛች። አንድ ጥብቅ ሱሪ ነበራት፤ በተቀመጠች ቍጥር ወደ ታች፥ በተነሣች ቍጥር ወደ ላይ ትጎትተዋለች። ዳዊትና የሳኦል ጥሩር ትዝ አሉኝ። ልብስ ልክ ሆነ የሚባለው ለባሹ ከቤት ወጥቶ እስኪመለስ ድረስ ሲረሳው ይመስለኛል፤ እርስዋ ግን ሱሪዋን ለአንዲት ደቂቃ እንኳ አትረሳውም ነበር። ይህስ ቀላል ነው፤ በራሱ ጊዜ አለፈ።

ያላለፈው ሌላው ነው። የቀድሞ ፎቶግራፎችዋን ከግድግዳ ላይ አወረደች። በአንደኛው ፎቶግራፍ እናታችን እቅፍ አድርጋት ቆማለች። «ያቺን ሴትዮ ማየት አልፈልግም» አለችኝ፤ ያቺ ያለቻት ራስዋን ነው። አንባቢ ሆይ፥ እናትዋ ያቀፈቻት ያቺን ወፍራሚቱን ነበር፤ በብርድ ተነሥታ በእግርዋ ወደ ኮተቤ መሄድ የጀመረችውም ያቺው ናት። ቀጭኒቱ የመጣችው በእርስዋ ድካም ነውና፥ የሚገባት ምስጋና ነበር እንጂ ንቀት አልነበረም።

የእኔ ጥፋት ግን ከእርስዋ ይበልጣል። በፋሲካ ማግሥት ዘመዶች ተሰብስበን ሳለን፥ እኅቴ በእናታችን ቀሚስ ብቅ ብትል ደስ ብሎኝ ጮኽሁ። «አሁን ሰው መሰልሽ!» አልኋት። ከጎኔ የአጎታችን ልጅ ተቀምጣ ነበር፤ እርስዋም ወፍራም ናት፥ የታይሮይድ በሽታ ስላለባት ብዙ ደክማ ጥቂት ብቻ ነው የምትቀንሰው። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ምሳዋን አልበላችም፤ ነጠላዋን እስከ አገጭዋ አጣፍታ ተቀመጠች። አሁን ሰው መሰልሽ ማለት፥ ቀድሞ አልመሰልሽም፥ አንቺም ከጎኔ ያለሽው አልመሰልሽም ማለት መሆኑን የተረዳሁት ማታ በአልጋዬ ላይ ነው። በማግሥቱ ሄጄ ይቅርታ ለመንኋት። «ምንም አላልህም እኮ» አለች፤ ይህ ቃል በአማርኛ ምን ማለት እንደ ሆነ ታውቃለህ።

የክብደት መቀነስን እንደ ጽድቅ ማወደስ ለዚህ ያደርሳል። የሰው ሰውነት የሚከብድበትና የሚቀልበት ምክንያት ብዙ ነው፤ ዘር አለበት፥ መድኃኒት አለበት፥ ድህነትም ብልጽግናም አለበት። የቀነሱትም ሰዎች ብዙዎቹ ከዓመታት በኋላ ከቀነሱት አብዛኛውን መልሰው ይጨምራሉ፤ ሰውነት የለመደውን ክብደት ለማስመለስ ረኃብን ያበረታልና፥ ይህ ሁልጊዜ የስንፍና ምልክት አይደለም። የቀጠነ ሰው ራሱን እንደ ድል አድራጊ ቈጥሮ የወፈረውን ቢንቅ፥ ነገ የሚመለስበትን ቤት እያፈረሰ ነው። በቅዳሜ ጧት እንጦጦ ላይ ደግሞ ሌላ ነገር ታያለህ። በ2013 ዓ.ም. በተከፈተው መናፈሻ ሰዎች ሥጋቸውን ለማቅለል ይሮጣሉ፤ በዚያው ተራራ፥ በዚያው ባሕር ዛፍ መካከል፥ ሴቶች ከባድ የማገዶ እንጨት ተሸክመው ጎንበስ ብለው ለብዙ ዘመን ወርደውበታል። እነርሱንም ቀጭን አድርጎአቸዋል፤ ስለ ቅጥነታቸው ግን ማንም አላመሰገናቸውም። እኅቴ ይህን ባሰበች ጊዜ፥ በመስተዋት ፊት የምትቆምበት ሰዓት አጠረ።

ስለ ቀሩት ሰባት ልብሶችም ጥቂት ልበል። መጀመሪያ ልታቃጥላቸው ፈልጋ ነበር፤ ወደ ኋላ የመመለሻውን ድልድይ እንደ ማፍረስ ቈጥራው። እኔ ከለከልኋት። ሁለት ልብስ ያለው ለሌለው ያካፍል የሚለው ትምህርት ልብሱ ሲሰፋን የሚረሳ አይደለም። ነገር ግን ስጦታም ልክ አለው። የሚሰጥ ልብስ ታጥቦ፥ ቁልፉ ተሟልቶ፥ የተተረተረው ተሰፍቶ ይሰጥ፤ ደግሞም ለሚሆነው ሰው ይሰጥ። ለቀጭን ድሃ ሰፊ ካፖርት ሰጥቶ ተመስገን ማለት እኅቴ ዓመቱን ሙሉ የተሠቃየችበትን ኀፍረት ለሌላ ማውረስ ነው። ሰባቱን ልብሶች ወደ ሽማግሌው ወሰደች፤ ካፖርቱ ብቻ ወፍራም ለሆነች አንዲት የጥበቃ ሠራተኛ ሳይነካ ተሰጠ፥ እንደ ተሰፋላትም ሆነላት። ሌሎቹ ግን ተፈትተው ለልጆች ተሰፉ። የማሰፊያውን ዋጋ እኅቴ ከፈለች፤ ከአዲሱ ሱሪ ዋጋ ያነሰ ነበር።

ፎቶግራፉ ወደ ግድግዳው ተመልሷል። የአጎታችን ልጅ ደግሞ ከሁለት ወር በኋላ ደወለችልኝ። ስለዚያ ቀን አንዳች አላነሣችም፤ የጠየቀችኝ የልብስ ሰፊውን አድራሻ ነው። የሰርግ ጥሪ ነበረባት፤ ቀሚስዋም ጠቧት ነበር። አብሬአት ሄድሁ። ሽማግሌው መነጽራቸውን አድርገው የቀሚስዋን ጎን ወደ ውጭ ገለበጡት፥ በስፌቱ ውስጥ በጣታቸው ፈለጉ፤ ቀድሞ የሰፋው ሰው፥ ማን እንደ ሆነ እግዚአብሔር ያውቃል፥ በየጎኑ ሦስት ጣት የሚያህል ጨርቅ ሳይቆርጥ አጥፎ ትቶ ነበር። «ይበቃል፤ ቅዳሜ ነዪ» አሉአት።